በነሐሴ የሞላኋቸው ክቦች

የቅጽ ሰው ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ ተቀምጬ ከሃያ ዓመት በላይ ያልተሞላ ሳጥን ስፈልግ ኖርሁ። ተማሪ ቅጽ ይዞ ሲመጣ ፊቱን ሳላይ ባዶውን ቦታ አያለሁ፤ «ይኼንን ማን ይሙላልህ?» ብዬ እመልስለታለሁ። በዚህ ጠባዬ ስንቱን አስለቅሻለሁ፤ ግድም ሰጥቶኝ አያውቅም። በሕይወቴ ትልቁን ጥፋት ያጠፋሁትም ቅጽ በመሙላት ነው። የሚያስቅ ቢሆን እስቅበት ነበር።

ልጄ አስም አለባት። በአምስት ዓመቷ ሲጀምራት ጉንፋን ነው አልን፤ ቀጥሎ ብርድ ነው፣ የሐይቁ ንፋስ ነው እያልን በጋቢ ጠቀለልናት። አንበሳሜ ያሉት ዘመዶቼ ማርና ነጭ ሽንኩርት ላኩ። ሲብስባት ሆስፒታል፣ ሲሻላት ቤት፣ ሁለት ዓመት እንዲህ ተመላለስን። ከዚያ አንድ ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በራችንን አንኳኩታ፣ አስም ያለባቸው ልጆችና ወላጆቻቸው በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ እንደሚሰበሰቡ ነገረችኝ። ሥራ አለብኝ ልላት ስል ልጄ ከውስጥ ስትስል ሰማሁ፤ እሺ አልሁ።

ስብሰባውን የምትመራው አንዲት ነርስ ነበረች። ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። በዕድሜ እኩያዬ ናት፣ ስትቆጣ ግን የሁላችንም እናት ትመስላለች። ልጆቹን ከፊት፣ እኛን ከኋላ አስቀምጣ በአፍ የሚሳቡትን ሁለቱን የመድኃኒት ፓፎች ታነሣለች። «ሰማያዊዋ ሲያፍንሽ የምትደርስልሽ ናት። ቡናማዋ ግን እንዳያፍንሽ የምትጠብቅሽ ናት፤ ደህና ብትሆኚም ጠዋትና ማታ አትቀርም።» የውሃ ፕላስቲክ ቂጡን ቀድደን ፓፉን እንድንሰካበትና ልጆቹ በዚያ በኩል ረጋ ብለው እንዲስቡ ያስተማረችንም እሷ ናት። ቡናማዋ ከተሳበች በኋላ ደግሞ አፍን በውሃ ተጉመጥምጦ መትፋት ግድ ነው፤ አለዚያ አፍ ይቆስላል። ይህቺን መጉመጥመጥ ልብ በሉልኝ።

ለእያንዳንዱ ልጅ በየወሩ አንድ ወረቀት ይሰጠዋል። ለእያንዳንዱ ቀን ሁለት ክብ አለው፤ የጠዋትና የማታ። ቡናማዋ ስትሳብ ክቡ በእርሳስ ቀለም ይሞላል፤ ስትዘለል ባዶ ይተዋል። ሙሉ ወረቀት የመጣ እንደሆነ ሲስተር ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች። የእኛ በየወሩ ይለጠፍ ነበር፤ እውነተኛም ነበር። ልጄ መሮጥ ጀመረች፤ ከትምህርት ቤት መቅረት ተወች። አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት ዓሣ ነጋዴ ነበረች፤ የልጇ ወረቀት ወንፊት ነው። «ሲስተር፣ ረሳሁት፤ ገበያ ወጣሁ» ትላለች ሳታፍር። ሲስተር ትቆጣታለች፤ ተቆጥታ ስታበቃ ደግሞ ቁጭ ብላ ዘዴ ትፈልግላታለች። እኔ በሆዴ እስቅባት ነበር።

ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት፣ ሰኔ ላይ፣ አማቼ፣ የባሌ አባት፣ ለዓይን ሕክምና እኛ ቤት መጡ። መሪጌታ ናቸው፣ ቅስናም አላቸው፤ ከሐይቁ ማዶ በጀልባ በሚኬድበት ደብር ሲያስተምሩ የኖሩ። ሁሉም የኔታ ይላቸዋል፤ ልጄ ብቻ አባባ ትላቸዋለች። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኗቸው ነበር። አንዱ በዚያው በሰኔ መጨረሻ ተሠራላቸው፤ ሁለተኛው ለመስከረም ተቀጠረ። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አስተኛኋቸው። አጎዛቸውንና የመጽሐፍ ሳጥናቸውን ይዘው ገቡ። ሳጥኑ ውስጥ በወጣትነታቸው በእጃቸው የጻፉት የብራና ድጓ አለ፤ የቆዳ ማኅደሩ ከእርጅና ብዛት ጠቁሯል። ሌሊት ላይ ሁለቱ ሲሳሳቁ እሰማለሁ። ቀን እየመራች ቤተ ክርስቲያን ታደርሳቸዋለች፤ እሳቸው ጃንጥላውን፣ እሷ መቋሚያቸውን ይዘው። ሰኔና ሐምሌን ሙሉ አንዲት ቀን አልሳለችም። ይህንንም ልብ በሉልኝ፤ ያኔ እኔ ልብ አላልሁትም።

ፍልሰታ ሲቃረብ ሁለቱ ተማከሩ። አሥራ አምስቱንም ቀን ልትጾም፣ አሥራ አምስቱንም ቀን ልትቆርብ። እኛ ዘንድ ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ ያለ ሕፃን ሁሉ ነጭ ለብሶ ሲወርድ የኔን ልጅ ቤት ማስቀረት ጭካኔ ይሆን ነበር። ቀሚሷን እኔው አጠብሁላት። የነሐሴ አንድ ዕለት ጠዋት ፓፏንና ፕላስቲኳን ይዛ ወደ ጓዳ መጣች።

«እማየ፣ ቡናማዋንስ?»

ቆምሁ። ቡናማዋ ከተሳበች መጉመጥመጥ አለ፤ ውሃ አፏ ከገባ ደግሞ እንዴት ትቆርባለች? ከቆረበች በኋላም ቢሆን በቁርባን ቀን አይተፋም። የማታውን የምትስበው ልትተኛ ስትል ነው፤ ያኔ ደግሞ አፏን ለማግሥቱ ዘግታለች። እንዲህ አድርጌ በራሴ አእምሮ ሁሉንም በር ዘጋሁት።

«እስከ ፍልሰታ ትቆይ» አልኋት።

«አባባን ልጠይቃቸው?»

«ተይ።»

ለምን ተይ አልኋት? ሲስተርን ብጠይቅ «አስም ይዟት ደግሞ ጾም?» ብላ ትከለክላለች ብዬ ፈራሁ። የኔታን ብጠይቅ «እንግዲያው ቁርባኑ ይቅር» ይሉና ልጅቷም እሳቸውም ልባቸው ይሰበራል ብዬ ፈራሁ። የሁለቱንም መልስ ሳልጠይቃቸው እኔው መለስሁላቸው። ጨዋነት መስሎኝ ነው። ሰው ላለማስቀየም ስል አፌን መያዝ ያሳደገችኝ እናቴ ያስተማረችኝ ትልቁ ትምህርት ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ደግሞ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ሁለት ባዶ ክብ። የሬጅስትራር እጅ ባዶ ማየት አይችልም። እርሳሱን አንሥቼ ሞላኋቸው።

ልጄ አጠገቤ ነበረች። «እማየ፣ አልሳብሁም እኮ» አለች።

«አውቃለሁ። ሲስተር እንዳይከፋት ነው።»

«ለአባባስ?»

«ለሳቸውም አትንገሪ። ማንም እንዳይከፋው።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ በየማታው ስሞላ አጠገቤ ቁጭ ብላ ታያለች፤ አንድ ቀን እንዲያውም እርሳሱን እሷው ቀርጻ ሰጠችኝ።

በነሐሴ ባሕር ዳርን የሚያውቅ ያውቃታል። ዝናቡ ካባራ ጉሙ ከሐይቁ ይነሣል፣ ግድግዳው ያልበዋል፣ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን አይደርቅም። በሰባተኛው ቀን ሳል ጀመራት። በመካከሉ ባለው ቅዳሜ ከቅዳሴ መልስ ወደ ስብሰባው ሄድን፤ ሲስተር ወረቀታችንን ከፍ አድርጋ ለሁሉም አሳየች። ልጄን ፊት ወንበር ላይ ሆና ሳሏ ተነሣባት። «በዚህ ሁሉ መድኃኒት?» አለች ሲስተር ዞር ብላ እያየችኝ። «ዝናቡ ነው» አልሁ። እዚያው፣ በዚያች ደቂቃ፣ አንዲት ቃል ብናገር ኖሮ ይህንን አልጽፍም ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ለመቁረብ ተሰልፋ አየኋት። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ስትተነፍስ የአንገቷ ሥር ይሰረጉዳል። ሲስተር ያስተማረችን ምልክት ነው። ሰማያዊዋን ፓፍ ከነጠላዬ ጫፍ ፈትቼ ተጠጋኋት። ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። «ሳልቆርብ?» አለች፤ ቃሉን እንኳ በአንድ ትንፋሽ መጨረስ አቅቷት። እኔ ምን አደረግሁ? ፓፉን መልሼ ነጠላዬ ላይ ቋጠርሁት። ሰው አየኝ ብዬ ዙሪያዬን ጭምር ቃኘሁ። እናት ነኝ የምል ሰው።

ቆረበች። ጸበሉን ጠጥታ ደጀ ሰላሙ ጋ ስትደርስ ጉልበቷ ከዳት። ያኔ ፓፉን አፏ ላይ ደቀንሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ አራት ጊዜ። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ባጃጅ አስቁመን ገባን፤ የኔታ እግሯን ታቅፈው ሆስፒታል እስክንደርስ ጸለዩ። ኦክስጅን አደረጉላት። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ «ቡናማውን ፓፍ በየቀኑ ትወስዳለች?» አለኝ። የኔታ በአንድ ዓይናቸው ሊያዩኝ ሲሞክሩ አያለሁ።

«አዎ» አልሁ። «አንድም ቀን አላቋረጠችም።»

ልጄ ከጭንብሉ በላይ ባሉት ዓይኖቿ አየችኝ።

ተረፈች። አምላክ ይመስገን፣ በአራተኛው ቀን ወጣች። በቡድናችን ደንብ አንድ ልጅ ሆስፒታል ከገባ ሲስተርና ከእናቶች አንዷ ቤቱ ድረስ ሄደው በሽታውን የሚያስነሣበትን ነገር ይፈልጋሉ። ሲስተርና ዓሣ ነጋዴዋ መጡ። ሲስተር ወረቀቴን በእጇ ይዛለች። «መድኃኒቱ አልተቋረጠም፤ ስለዚህ ነገሩ ያለው ቤት ውስጥ ነው» አለች። ወጥ ቤቱን አየች፣ ፍራሹን ገለበጠች፣ ግድግዳውን በእጇ ዳበሰች። በመጨረሻ መኝታ ክፍሉ ገብታ አጎዛውንና ሳጥኑን አየች። ስትከፍተው የቆየ ቆዳና የአቧራ ሽታ ወጣ።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች በጣም ዝቅ ብላ፤ «እንዲህ ያለ ቆዳና አቧራ አንዳንድ ልጅ ላይ ያስነሣል። ከክፍሏ ቢወጣ...»

የኔታ ሳጥኑን በእጃቸው ፈልገው ክዳኑን ዘጉት። «ታዲያ ያፈናት የኔ መጽሐፍ ነዋ?» አሉ።

«እርግጠኛ አይደለሁም የኔታ። ግን ሌላ ነገር አጣሁ።»

«እንዲያ ከሆነ አንድ ሌሊትም አያድርም።»

ጓሮ ያለችው ሰርቪስ ክፍል ጣሪያዋ ያፈስሳል። ወደዚያ ወሰድነው። ሳጥኑን በአንዱ ጎን እሳቸው፣ በሌላው ጎን እኔ ይዘን ነበር፤ ፊት ለፊት እየተያየን ማለት ነው፣ እሳቸው በደንብ ባያዩኝም። ልጄ በር ላይ ቆማለች። ሳጥኑን አስቀምጠን ስንመለስ የኔታ ደጃፉ ላይ ቀሩ፤ «እኔም ብሆን ልብሴ ያው ሽታ አለው» ብለው አጎዛቸውን አስመጡ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ እዚያው አደሩ። ጉንጯን መሳም ተዉ፤ ከሩቅ ይመርቋታል። የመስቀል ሰሞን ደግሞ ሁለተኛው ዓይናቸው ሳይሠራ ጓዛቸውን ጠቀለሉ። ባሌ ለመናቸው፣ እኔም ለመንኋቸው። «ለቀረችኝ ዕድሜ አንዱ ይበቃል» ብለው ሄዱ።

ጥቅምት ላይ ሲስተር አስጠራችኝ። በእጇ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚላክ ደብዳቤ አለ። «ቡናማዋ በየቀኑ እየተወሰደች እንዲህ ከታመመች አልቻለቻትም ማለት ነው። ጠንከር ያለ ኪኒን ሳያስፈልጋት አይቀርም፤ ኪኒኑ ደግሞ ጣጣ አለው፣ ያሳብጣል፣ ዕድገትም ያዘገያል» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው አንደበቴ የተፈታ። ከክቡ እስከ ሆስፒታሉ «አዎ» ድረስ ነገርኋት።

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። የረሳውን ሁሉ የምትቆጣዋ ሴት እኔን አንዲት ቃል አልተቆጣችኝም። ተነሥታ ከግድግዳው ላይ የነሐሴን ወረቀት አወረደችና አጠፈችው። ቀጥላ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረች። «የማታውን ከእራት በፊት ትስብና እራቷን ትበላ ነበር፤ ምግቡ አፏን ያጥበዋል። የጠዋቱን ከቅዳሴ መልስ ትስብና ውሃዋን ሳትተፋ ትጠጣው ነበር። ሰማያዊዋማ ስታፍናት የትም ይሁን የት ነው። ይኼው ነው። ሌላ ምንም የለውም።»

«ይኼው ነው?» አልሁ።

«ይኼው ነው። ሁለት ወር ሙሉ ከመጽሐፉ ጋር ተኝታ አልሳለችም አይደል? እንግዲያው መጽሐፉ ንጹሕ ነው። ለሽማግሌው ንገሪያቸው።»

«እነግራቸዋለሁ» አልሁ።

አልነገርኋቸውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ግን ከደበቅሁትም፣ ከተናዘዝሁትም በኋላ መድኃኒቱን በእጄ ይዤ ዞርሁ። በጥምቀት እነግራቸዋለሁ፤ በፋሲካ እነግራቸዋለሁ። ልጅቷን ይዤ በጀልባ በተሻገርሁ ቁጥር ቃሌን እያሰናዳሁ እሄዳለሁ። የኔታ መምጣታችንን ሲሰሙ ነጠላቸውን ይቀይራሉ፣ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ቤት አያስገቡንም። ከዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ያስቀምጡንና ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ በጉንጫቸው አዳምጠው እሳቸው ከታች በኩል ይቀመጣሉ። ሽታቸው ወደ እሷ እንዳይሄድ ነው። አንድ ዓይናቸውም እየደከመ ሄዶ ልጅቷን የሚለይዋት በድምፅ ነበር። ይህን እያየሁ እንዴት ልናገር? ልናገር ስል የተሠራው ጥፋት ሁሉ ፊቴ ይደረደራል፤ እንዲያው «የኔታ፣ ሰላም ነዎት?» ብዬ እዘጋለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚሉት ለሌላ ሰው ይሆናል፤ የእኔ እያደር ከበደ።

አንድ ጊዜ እዚያው ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሳለ አንዲት የመንደሩ ሴት መጣች። የደም ግፊት ኪኒን ጠዋት ጠዋት እንደምትውጥና ፍልሰታን መቁረብ እንደፈለገች ነገረቻቸው። የኔታ ለአፍታም አላሰቡ። «ሐኪምሽ ወደ ማታ ያዛውርልሽ፤ አይሆንም ካለ እኔ እፈታሻለሁ። ይህን ለመጠየቅ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሽው ልጄ? ደግ አደረግሽ፤ መጠየቅ ጥሩ ነው» አሏት። የውሃ ማሰሮ ይዤ ቆሜ ነበር። ልጄን ቀና ብዬ ላያት አልደፈርሁም። ስንመለስ ጀልባው ላይ ሁለታችንም ውሃውን ስናይ ሄድን።

ባለፈው በጋ የኔታ ዐረፉ። ከቀብሩ ማግሥት ዕቃቸውን ልንሰበስብ እኔና ልጄ ጎጇቸው ገባን። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ፓፏን ራሷ ትይዛለች፣ በቁመት ደርሳብኛለች። አልጋው ሥር ሳጥኑ ነበር። በወፍራም ላስቲክ ሦስት ዙር ተጠቅልሎ፣ ጫፍ ጫፉ ተጣጥፎ፣ በገመድ ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል። የደብሩ ዕቃ ጠባቂ ቄስ በር ላይ ሆነው ነገሩን፤ «የኔታ ራሳቸው ናቸው ያሰሩት፤ ወደ ባሕር ዳር እንዳይሄድ፣ ለልጅቷ አይስማማትም ብለው ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተዋል። አቧራው እንዳይወጣ ብለው ገመዱን በየጊዜው ያጠብቁት ነበር።»

ልጄ ቄሱን አመሰገነቻቸውና እስኪሄዱ ጠበቀች። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ ገመዱን ፈታች። ላስቲኩን አንድ በአንድ ገለጠችው፤ ሳጥኑን ከፈተች፤ ድጓውን ከማኅደሩ አወጣችና ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። አጎንብሳ አፍንጫዋን ገጹ ላይ አድርጋ በረጅሙ ሳበች፤ ደግማ ሳበች። እኔ ከልማድ ሰማያዊዋን ፓፍ ከቦርሳዬ አውጥቼ ይዣለሁ።

አልሳለችም።

«እማየ» አለች ቀና ሳትል፤ «ያን ቀን አባባ ሳጥኑን ሲያወጡ በር ላይ ቆሜ ልነግራቸው ነበር እኮ። ማንም እንዳይከፋው ብለሽኝ ነው የተውሁት።»

መጽሐፉን ወደ ማኅደሩ መለሰችው። ላስቲኩን ትታ ገመዱን ብቻ አሰረች፤ ሳጥኑን በአንድ ጎን ያዘችና ሌላውን እንድይዝላት ጠበቀችኝ።